የሰው ገመና ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት

ሰው ለሐኪሙ የሚነግረውን ለጎረቤቱ አይነግርም፤ ለግብር ሰብሳቢው ያስታወቀውን ለልጁ አስተማሪ አያወራም፤ ለነፍስ አባቱ የተናገረውንም ለሚስቱ እንኳ የማይገልጥ ብዙ ነው። ይህ ልማድ ከተንኰል የመጣ አይደለም። ማንም ሰው የቤቱን ነገር የሚገልጠው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ የሚገልጠውም ያ የሚሰማው ሰው በዚያ ጉዳይ ይረዳኛል ብሎ ስለሚያምን ነው። ስለዚህ ገመና የአደራ ዕቃ ይመስላል። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን ይጠብቃል እንጂ ለወደደው አያውሰውም።

ይሁን እንጂ በአሁኑ ዘመን የቤተ ሰብ ገመና የሚቀመጠው በሰው ልብ ብቻ አይደለም። ልጅ ሲወለድ በሐኪም ቤት ይጻፋል፤ ሲከተብ በጤና ጣቢያ ይጻፋል፤ ፊደል ሊቈጥር ሲገባ በትምህርት ቤት ይጻፋል። አባቱ ሥራ ቢያጣ፥ እናቱ ብትታመም፥ ባልና ሚስት ተጣልተው ዳኛ ፊት ቢቆሙ፥ ይህ ሁሉ በየመሥሪያ ቤቱ ይጻፋል። ከአንባቢዎቻችንም ብዙዎቹ የእነዚህ መዝገቦች ጠባቂዎች ናቸው። ከጠረጴዛቸውም ላይ «የእገሌን ጉዳይ የሚመለከተው ወረቀት ተገልብጦ ይላክልን» የሚል ደብዳቤ ከሌላ መሥሪያ ቤት ሳይደርሳቸው አይቀርም። ደብዳቤው አጭር ነው፤ ማኅተምም አለበት። መልሱ ግን ቀላል አይደለም፤ ገመናው የተጻፈበት ሰው በዚያ ሰዓት በቢሮው ውስጥ ተገኝቶ ስለ ራሱ ሊናገር አይችልምና።

በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኛው «መንግሥት አንድ ነው፤ አንዱ ክፍል ያወቀውን ሌላው ክፍል ቢያውቅ ምን ጕዳት አለ?» ይላል። ሁለተኛው «አደራ የተባለ ቃል በምንም ምክንያት አይወጣም» ብሎ መዝገቡን ይቈልፍና ቍልፉን በኪሱ ያስቀምጣል። እነዚህ ሁለት አሳቦች በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚያደርሱ ለማሳየት በእንግሊዝ አገር የሆነውን እንናገራለን። ያን አገር የመረጥነው ከሌላው አገር ይልቅ ስለ በደለ አይደለም፤ ጥፋቱን በአደባባይ መርምሮና ምስክር ጠርቶ፥ የተገኘውንም አሳትሞ ለማንኛውም አንባቢ ስለ ሰጠ ነው። ቀኖቹንና ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የምትባል ልጅ በ1991 ዓ.ም. በኮት ዲቯር አገር በአቢጃን ከተማ አጠገብ ተወለደች። ወላጆቿ ከወለዷቸው ሰባት ልጆች አምስተኛዋ ነበረች። በፈረንሳይ አገር የምትኖር የአባቷ አክስት ወደ አገሯ መጥታ «ልጅቱን ወስጄ ላስተምራት» ባለች ጊዜ ወላጆቿ እሺ አሉ። ልጅን ለዘመድ አደራ ሰጥቶ ለትምህርት መስደድ በእኛም አገር የቈየ ልማድ ስለ ሆነ በእነዚህ ወላጆች ላይ የሚፈርድ አንባቢ ይኖራል ብለን አናስብም። ሴትዮዋ ልጅቱን በ1998 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ፈረንሳይ፥ በኤፕሪል ወር 1999 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ለንደን ወሰደቻት። ለትምህርት የተላከችው ልጅ በእንግሊዝ አገር አንድ ቀን እንኳ ትምህርት ቤት አልገባችም።

ለንደን ከገባች ጀምሮ በፌብሩዋሪ 25 ቀን 2000 ዓ.ም. እስከ ሞተችበት ድረስ ያለው ጊዜ አሥር ወር ነው። በእነዚህ አሥር ወራት የልጅቱ ነገር የደረሳቸው መሥሪያ ቤቶች ቢቈጠሩ፥ ችግረኛን የሚረዱ አራት የማኅበራዊ ጕዳይ መሥሪያ ቤቶች፥ ቤት ለሌላቸው መጠጊያ የሚሰጡ ሦስት መሥሪያ ቤቶች፥ ሁለት የፖሊስ የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች፥ ሁለት ሐኪም ቤቶች፥ ከእነዚህም ሌላ አንድ የታወቀ የበጎ አድራጎት ማኅበር የሚያስተዳድረው የሕፃናት መርጃ ጣቢያ ነበሩ። ልጅቱ በስምንት ዓመቷ ስትሞት በሰውነቷ ላይ 128 የጕዳት ምልክት ተቈጠረ። ሴትዮዋና ከእርሷ ጋር ይኖር የነበረው ሰው በጃንዋሪ ወር 2001 ዓ.ም. በነፍስ ግድያ ተፈርዶባቸው ዕድሜ ልክ እስራት ተቀበሉ። መንግሥቱም ነገሩ በአደባባይ እንዲመረመር ሎርድ ላሚንግን ሾመ፤ እርሳቸውም በጃንዋሪ ወር 2003 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት፥ ሹሞች ልጅቱን ሊያድኑ የሚችሉበት ጊዜ አሥራ ሁለት ጊዜ በእጃቸው ገብቶ እንዳመለጣቸው ገለጡ፤ 108 የማሻሻያ አሳብም አቀረቡ።

ይህ ሪፖርት ከወጣ ወዲህ ብዙ ሰው ነገሩን ባጭሩ «መሥሪያ ቤቶቹ ስላልተነጋገሩ ልጅቱ ሞተች» እያለ ይናገራል። እኛ ግን ይህ አነጋገር ግማሽ እውነት ነው እንላለን፤ ግማሽ እውነትም የተሳሳተ ሕግ ሊያወጣ ስለሚችል ነገሩን ጠጋ ብሎ መመልከት ይገባል።

በጁላይ 14 ቀን 1999 ዓ.ም. ልጅቱን በቀን የምትጠብቅ የአንዲት ሴት ቤተ ሰብ ቍስሏን አይተው ደንግጠው ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷት። በመጀመሪያ የመረመራት ሐኪም ቍስሉ በሰው እጅ የደረሰ ነው ብሎ ጠረጠረ። ጥርጣሬው ወዲያውኑ ለማኅበራዊ ጕዳይ መሥሪያ ቤት ተነገረ፤ ፖሊስም ልጅቱ ከሐኪም ቤት እንዳትወጣ በሕግ ሥልጣኑ አገደ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም የሚገባቸውን አድርገዋል፤ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤትም ቃል ተላልፏል። ከዚህ በኋላ ግን ከፍ ያለ ማዕርግ ያላት ሌላ ሐኪም ምልክቱ እከክ ነው አለች። «እከክ» የሚለው አንድ ቃል ለማኅበራዊ ጕዳይ ሹሞች በደረሳቸው ጊዜ ጥርጣሬውን ሁሉ ሸፈነው። የፊተኛው ሐኪም ያየውንና የኋለኛዋ ሐኪም የፈረደችውን ጎን ለጎን አድርጎ የጠየቀ አልተገኘም። በማግሥቱ ልጅቱ ወደዚያችው ሴት ተመለሰች።

አሥር ቀን ሳይቈይ ራሷና ፊቷ በፈላ ውሃ ተቃጥሎ ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ገባች፤ በዚያም 13 ሌሊት አደረች። አስታማሚዎቹ ብዙ ነገር አይተዋል። ሴትዮዋ ልትጠይቃት በመጣች ጊዜ ልጅቱ እንደ አሽከር ቀጥ ብላ ትቆም እንደ ነበርና ከፍርሃት የተነሣ ሽንቷ እንዳመለጣት አይተዋል። ነገር ግን ያዩት ሁሉ በመዝገብ አልገባም። ከሐኪም ቤት ከወጣች በኋላ ጕዳዩን የያዘችው የማኅበራዊ ጕዳይ ሠራተኛ ልጅቱን ያየቻት አራት ጊዜ ነው፤ የአራቱ ጊዜ ሰዓት ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አብራት የተመደበችው የፖሊስ ባልደረባ እከኩ ይጋባብኛል ብላ ፈርታ ወደ ቤቱ አልሄደችም። መሥሪያ ቤቱ የልጅቱን ጕዳይ ጨርሻለሁ ብሎ መዝገቡን የዘጋው በሞተችበት ቀን ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ለማሳዘን አይደለም። ልጅቱን ሊያድናት የሚችለው እውቀት የት እንደ ነበረ ለመጠየቅ ነው። አንዱ ክፍል በአስታማሚዎቹ ዓይን ብቻ ቀርቶ አልተጻፈም። ሌላው ተጽፎና ተልኮ በተቀባዩ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ሦስተኛው በልጅቱ አፍ ውስጥ ነበር፤ ልጅቱ ፈረንሳይኛ የምትናገር ስትሆን ከሴትዮዋ ለይቶና አስተርጓሚ ጠርቶ በሚገባ የጠየቃት የለም። ይልቁንም ሴትዮዋ በሌላ ልጅ ፓስፖርት ስላስገባቻት በእንግሊዝ አገር ወረቀቶች ሁሉ ስሟ «አና» ተብሎ ተጽፎ ነበር። እነዚያ ሁሉ ሹሞች የተጻጻፉት ስለ አና ነው፤ ቪክቶሪያ መሆኗ የታወቀው ከሞተች በኋላ ነው።

እርግጥ ነው፤ ሕግ ይከለክለናል ብለው የፈሩም ነበሩ። የምርመራው ሪፖርት በ1998 ዓ.ም. የወጡት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግና የሰብአዊ መብት ሕግ ለሠራተኞች ግልጥ ስላልሆኑላቸው መንግሥቱ እንዲያብራራቸው አሳስቧል። ለእነዚህ ፈሪዎች የምንለው አለን። ሹሙ አደራ እጠብቃለሁ ሲል አስቀድሞ አደራው የማን እንደ ሆነ ይወቅ። የሚደበደብ ልጅ ገመና የደብዳቢው ንብረት አይደለም። አባት ወይም አክስት «የቤቴን ነገር አታውጡብኝ» ቢሉ፥ ያ የቤት ነገር የልጅ ሥጋ ከሆነ፥ ዝም ማለት አደራ መጠበቅ ሳይሆን ከበደለኛው ጋር መተባበር ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው የእንግሊዝ አገር የ2018 ዓ.ም. የመረጃ ጥበቃ ሕግም ልጅን ከጕዳት ለማዳን አስፈላጊ በሆነ ጊዜ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መረጃ ማስተላለፍ የሚቻልበትን መንገድ በግልጥ ከፍቷል።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ስንመለከት ግን ነገሩ ወደ ሌላው ዳርቻ ሄደ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሕፃናት ሕግ መሠረት በማድረግ «ኮንታክት ፖይንት» የተባለ አንድ ታላቅ መዝገብ ተሠራ። በእንግሊዝ ያለ ማንኛውም ልጅ ስሙ፥ የተወለደበት ቀን፥ አድራሻው፥ የወላጆቹ ስም፥ ትምህርት ቤቱና ሐኪሙ፥ ደግሞም የትኛው መሥሪያ ቤት ጕዳዩን እንደ ያዘ በዚህ መዝገብ እንዲገባ ታዘዘ። ልጆቹ 11 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ መዝገቡን ከፍተው እንዲያዩ የታሰቡት ሠራተኞችም ከ3 መቶ ሺህ ይበልጡ ነበር። ለመሥራቱ 224 ሚሊዮን ፓውንድ ተመደበለት። በ2009 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በኦገስት 6 ቀን 2010 ዓ.ም. አዲሱ መንግሥት ዘጋው።

የዚህን መዝገብ መዘጋት የሚነቅፉ አሉ፤ እኛ ግን ከእነርሱ ጋር አይደለንም። የመዝገቡ ሠሪዎች ክፉ አሳብ ነበራቸው አንልም፤ የሞተች ልጅ እያሰቡ የሠሩት ነው። ነገር ግን አንዲት የተደበደበች ልጅ ለማዳን ሲባል ያልተደበደቡት ሚሊዮን ልጆች አድራሻ ለ3 መቶ ሺህ ዓይን ተከፈተ። ከጨካኝ ባል ሸሽታ ልጆቿን ይዛ የተደበቀች እናት ብትኖር አድራሻዋ በተለየ ሁኔታ እንዲሸፈን ማድረግ አስፈልጎ ነበር፤ ይህም ለልጆች መጠጊያ የተባለው መዝገብ ራሱ አደጋ ሊያመጣ እንደሚችል ማመን ነው። አባቶች ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ በመኪና የሚጻፈው መዝገብ ደግሞ ከወረቀት ይብሳል። ከሁሉም በላይ ይህ መዝገብ በ1999 ዓ.ም. ቢኖር ኖሮ በእርግጥ የምናውቀው አንድ ነገር አለ፤ በውስጡ የሚገኘው ስም «አና» ነበር።

በስኮትላንድ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ሌላ ሕግ ወጣ። ከተወለደ ጀምሮ እስከ 18 ዓመት ድረስ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የታወቀ ሹም እንዲሰየምለት የሚያዝ ነበር፤ በልጅነቱ ጊዜ ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ሠራተኛ፥ ትምህርት ቤት ሲገባ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ወይም ምክትሉ እንዲሆን ታሰበ። መሥሪያ ቤቶችም የልጁን ደኅና ኑሮ የሚመለከተውን ሁሉ ለዚህ ሹም እንዲያስታውቁ ተደነገገ። ደኅና ኑሮ የሚባለውም በስምንት ቃል ተመለከተ፤ ልጁ ከአደጋ የራቀ፥ ጤነኛ፥ በትምህርቱ የሚራመድ፥ ፍቅርና እንክብካቤ የሚያገኝ፥ የሚጫወት፥ የተከበረ፥ ኀላፊነት የሚሰማው፥ ከሰው የማይለይ መሆኑ ነው። እነዚህ ቃላት ሁሉ መልካም ናቸው። ግን ከአንባቢዎቻችን መካከል ልጁ በእነዚህ በስምንቱ ሁሉ አንድም ቀን ያልጐደለበት አባት ማን ነው? ልጅ ከአጎቱ ልጅ ጋር ተጣልቶ ለሦስት ቀን ቢያኰርፍ ከሰው ተለየ ተብሎ ሊጻፍ ነው።

የብሪታንያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጁላይ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ የሕጉ ዓላማ ተገቢ ቢሆንም መረጃ ስለ ማስተላለፍ የሚናገረው ክፍል የቤተ ሰብን ገመና የሚጠብቀውን የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ስምምነት 8ኛ አንቀጽ እንደሚጥስ አስታወቀ። ወላጅና ልጅ ስለ እነርሱ የሚተላለፈውን ነገር የሚያውቁበትና አሳባቸውን የሚገልጡበት በቂ መንገድ አልነበረም። የስኮትላንድ መንግሥት ሕጉን ለማስተካከል ሦስት ዓመት ከደከመ በኋላ በሴፕቴምበር ወር 2019 ዓ.ም. አሳቡን ተወ። እኛ ከዚህ ፍርድ የምንወስደው ጕዳትና ጐዶሎ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ልጅ ሊጐዳ ነው የሚል ምክንያት ያለው ጥርጣሬ የቤቱን በር ሊያስከፍት ይችላል። ልጅ ከዚህ የበለጠ ቢደላው መልካም ነበር የሚል አሳብ ግን ወላጁን ለመምከር እንጂ ስለ ወላጁ ለሌላ ለመጻፍ አይበቃም።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይልቅ ረቂቅ ነው፤ የተላለፈው ነገር እጅግ ትንሽ ነበርና። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለ ስምምነት የእንግሊዝ አገር የጤና መዝገብ ቤት የሕመምተኞችን አድራሻ ለአገር ውስጥ ሚኒስቴር ይሰጥ ነበር። የተፈለገው ያለ ፈቃድ በአገሩ የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎችን ለማግኘት ነው። ሹሞቹም «የሰውየውን ሕመም አልገለጥንም፤ ስሙንና የሚኖርበትን ቤት ብቻ ነው» እያሉ ይመልሱ ነበር። በስደት ያሉ ዘመዶች ያሏቸው አንባቢዎቻችን ይህ መልስ ለምን እንዳላረካ ለመረዳት አይቸገሩም። ለሐኪም የተነገረ አድራሻ ከሐኪም ቤት መድኃኒት ወይም የቀጠሮ ወረቀት እንዲመጣበት የተነገረ ነው፤ በዚያው አድራሻ ሌሊት በር የሚያንኳኳ ፖሊስ እንዲመጣበት አይደለም። እርጉዝ ሴት ይህን ብትሰማ ምን ታደርጋለች? ከሐኪም ትርቃለች። ሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ቢሰማ ምን ያደርጋል? እርሱም ይርቃል፤ የእርሱ መራቅ ደግሞ ጎረቤቱንም ይጐዳል። የፓርላማው የጤና ጉባኤ በጃንዋሪ ወር 2018 ዓ.ም. አሠራሩ እንዲቆም ጠየቀ፤ በዚያው ዓመት በሜይ ወር መንግሥቱ ከከባድ ወንጀል በቀር አድራሻ መጠየቁን እንደሚያቆም ለፓርላማው አስታወቀ።

በዚህ ነገር የሕዝብ ጥቅም አልነበረም ማለት አይቻልም፤ የአገር ግቢና መውጫ ሕግ ማስከበር የመንግሥት ሥራ ነው። ነገር ግን ጥቅሙን ለማግኘት የተከፈለው ዋጋ የሐኪም ቤት ታማኝነት ነበር፤ ይህም አንድ ጊዜ ከጠፋ በደብዳቤ የሚመለስ አይደለም።

እንግዲህ ደብዳቤው ከጠረጴዛው ላይ የተቀመጠበት ሹም ምን ያድርግ? በዚያው አገር የአእምሮ ሕመም ሐኪም የነበሩት ዴም ፊዮና ካልዲኮት የሚመሩት ኮሚቴ በ1997 ዓ.ም. የሕመምተኛን ገመና ስለ መጠበቅ ስድስት መመሪያዎች አውጥቶ ነበር። አሳቡ ሁሉ ምክንያትህን ተናገር፥ ካላስፈለገ አትንካ፥ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ውሰድ የሚል ነው። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ በ2013 ዓ.ም. እኒሁ ሴት ሰባተኛ ጨመሩ፤ ይኸውም መረጃን ለሚገባው ሰው ማካፈል ገመናን ከመጠበቅ ግዴታ እኩል ሊሆን እንደሚችል የሚገልጥ ነው። ይህን የጨመሩት ስድስቱ ስሕተት ስለ ነበሩ አይደለም፤ ሠራተኞች ስድስቱን ይዘው ዝም ማለትን ብቻ ስለ ተማሩ ነው። እኛም ሰባቱን አንድ ላይ ማንበብ ይገባል ብለን እናምናለን።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ አስተማሪ ከተማሪዎቹ አንዱ ሰኞ ሰኞ እየራበው እንደሚመጣ አስተዋለ እንበል። ልጁን ለብቻው ጠርቶ ቢጠይቀው እናቱ እንደ ታመመች፥ አባቱም ለመንግሥት ሳያስታውቅ በሚነግደው ሸቀጥ ምክንያት ቅዳሜና እሑድ ከቤት እንደማይገኝ ነገረው። እዚህ ላይ ሦስት ገመና አለ። የልጁ ረኃብ አለ፤ የእናት ሕመም አለ፤ የአባት ንግድ አለ። አስተማሪው በመጀመሪያ ወላጆቹን ማነጋገር ይገባዋል፤ ለልጁ አደጋ የማያመጣ እስከ ሆነ ድረስ ስለ ሰው የሚጻፍ ነገር ለራሱ ለሰውየው ሳይነገር ባይጻፍ ይሻላል። ቤተ ሰቡ እርዳታ የሚፈልግ ሆኖ ቢገኝ የልጁን ረኃብና እናቱ ማብሰል እንደማትችል ለእርዳታ ሰጪው ክፍል ይነግራል፤ የሕመሟን ዓይነት ግን አይነግርም፤ እህል ለመስፈር አያስፈልግምና። የአባትን ንግድ ለግብር መሥሪያ ቤት ቢጽፍ ግን ያ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ረኃቡን ለማንም አይናገርም፤ ወሬው የደረሳቸው ሌሎች ልጆችም አይናገሩም። ግብር ሰብሳቢው የራሱ መርማሪ አለው። የሕፃን አፍ የእርሱ መርማሪ ሊሆን አይገባም።

ልጁ ረኃብ ብቻ ሳይሆን በጀርባው የጅራፍ ሰንበር ይዞ ቢመጣ ደግሞ ሚዛኑ ሁሉ ይለወጣል። ያን ጊዜ ወላጅን አስቀድሞ መጠየቅ ልጁን ለሁለተኛ ጅራፍ አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። አስተማሪው በዚያኑ ቀን ለሕፃናት ጠባቂው ክፍል ይናገር፤ ሲናገርም «ልጁ ተበድሏል» ብሎ ፍርዱን ብቻ አይስደድ፤ ምን እንዳየ፥ መቼ እንዳየ፥ ልጁ በራሱ ቃል ምን እንዳለ ይጻፍ። በማግሥቱም ደብዳቤው መድረሱን ሳይሆን ልጁን ማን ሄዶ እንዳየው ይጠይቅ። ከቪክቶሪያ ሞት የተማርነው ይህን ነው፤ ልኬአለሁ ያለ ሁሉ ሥራውን የፈጸመ አይደለም።

አንዳንድ ባለሥልጣኖች «ሁሉንም በአንድ መዝገብ ብናገናኝ ይህ ሁሉ ጭንቀት ይቀር ነበር» ይላሉ። በእንግሊዝም ይህ አሳብ እንደ ገና ተነሥቷል፤ በዲሴምበር ወር 2024 ዓ.ም. ለፓርላማው በቀረበ ረቂቅ ሕግ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መለያ ቍጥር እንዲኖርና ልጅን ከጕዳት ለመጠበቅ የሚያስፈልግ መረጃ በግዴታ እንዲተላለፍ የሚያደርግ ክፍል ነበረበት። መለያ ቍጥሩን እኛ አንጠላም፤ ሁለት ሐኪም ቤት ስለ አንድ ልጅ ሲጽፉ ስለ አንድ ልጅ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። የምንፈራው ቍጥር ሲገኝ ጥያቄው የሚቀር የሚመስላቸውን ሰዎች ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ መረጃ ለተሰበሰበበት ለታወቀው ጉዳይ እንዲውል የሚያዝ መሠረተ አሳብም በውስጡ ይገኛል። ነገር ግን ሹሙ ደብዳቤው ሲደርሰው አዋጁን ከመደርደሪያ አውርዶ እስኪያነብ አይጠብቅም፤ እጁ በልማድ ይሠራል። ስለዚህ ልማዱን አሁን ማስያዝ ይሻላል። የጠየቀው መሥሪያ ቤት የማንን ጕዳት ለመከላከል እንደ ፈለገ በደብዳቤው ካልጻፈ፥ ጻፉልኝ ብሎ መመለስ ድፍረት አይደለም። መዝገቡ 20 ገጽ ቢሆንና የተፈለገው በአንዱ ገጽ ቢገኝ፥ አንዱን ገጽ መላክ ስስት አይደለም። ጸሐፊዎች ለመገልበጥ እንዲቀላቸው መዝገቡን በሞላ የመስደድ ልማድ እንዳላቸው እናውቃለንና ይህን የምንለው በተለይ ስለ እነርሱ ነው።

ሎርድ ላሚንግም በሪፖርታቸው ከታናናሾቹ ሠራተኞች ይልቅ የበላይ ሹሞቹን አጥብቀው ነው የወቀሱት፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በበታቾቻቸው መዝገብ ውስጥ ያለውን አናውቅም ብለው መስክረው ነበር። ስለዚህ በእያንዳንዱ መዝገብ መጨረሻ አንድ ባዶ ገጽ እንዲታሰር አሳብ እናቀርባለን። በዚያ ገጽ ላይ ከዚህ መዝገብ ምን እንደ ወጣ፥ ለማን እንደ ተሰጠ፥ በምን ምክንያትና በማን ፈቃድ እንደ ሆነ ከነቀኑ ይጻፍ። ተጠይቆ ያልተሰጠም ቢኖር ከነምክንያቱ ይጻፍ፤ የበላይ ሹሙም በየወሩ ገጹን አንብቦ ይፈርምበት። ባለ ጕዳዩ መጥቶ «ስለ እኔ ለማን ምን ተናገራችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ገጹን ገልጦ ማሳየት ይቻላል።